የመስታወቱ ባሕር አረም

ዘመሮ፣ ጥቅምት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጅ ልጄ ለኮከብ፣ ካለሽበት ዱባይ፤

ውርጭ የማያውቀው አገር እንደምን ይዞሻል? እኛ አምላክ ይመስገን፣ ብርዱ ጆሯችንን ቆርጦ ሊወስድ ትንሽ ነው የቀረው። የእኛ ስልክ ኔትወርክ ካጣ ሁለት ወር አለፈው፤ ያንቺን ደግሞ እመቤትሽ ወስዳ ቆልፋበታለች ተባልኩ። እግዜር ይህን የድሮ ዲያቆን እንደገና ብዕር ሊያስይዘው ፈልጎ ይሆናል። ደብዳቤውን የሚቀበለኝ የጨርቅ ነጋዴው ናሲር ነው። እህቱ ሀይፋ ልብስ ልታመጣ ዱባይ ስለምትመላለስ ለሕንጻችሁ ዘበኛ ትሰጥልኛለች። ደብዳቤ አመጣልኝ ብለሽ ደግሞ ዘበኛውን እንዳታገቢው።

አሁን ቀልዱን ላስቀምጠው። እናትሽ ጥሩሸዋ ታማለች። ሆዷ ውስጥ እብጠት ወጥቶ ደብረ ብርሃን ወስደናት ነበር። ሐኪሙ ደግ ሰው ነው፤ ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አገላበጠና፣ ቤቷ ወስደው የምትወደውን ያብሏት አለኝ። ያለው እሱን ብቻ ነው፤ እኔም ሌላ አልጠየቅሁትም። ልጄን አውቃታለሁ፤ የምትወደው አንቺን ነው። አንቺን ደግሞ በሰሐን አላቀርብላት።

ውልሽ መስከረም ላይ አልቋል። ዕቃ አትግዢ፤ ስጦታ ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ አትዙሪ። ባዶ እጅሽን ቶሎ ነይ። በር ሲንኳኳ ሁሉ ቀና ትላለች።

መንገድሽን ያቅናልሽ።
አያትሽ ገሠሠ


ዱባይ፣ ኅዳር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አያቴ ለአባባ ገሠሠ፤

ጤናዎ እንደምን ነው? እናቴስ? ደብዳቤዎን ልብስ ማጠቢያው ክፍል ቆሜ አነበብኩት። ዛሬ መነሣት ብችል ዛሬ እነሣ ነበር። ፓስፖርቴ ግን ማዳም መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ቁልፉን አንገቷ ላይ ታስራዋለች።

ነገሩን ልንገርዎ። ሳሎኑ ውስጥ የእኛን ቤት ግድግዳ የሚያህል መስታወት አለ። ውስጡ የባሕር ውሃ ነው፤ ጨዉን እየለካሁ የምበጠብጠው እኔ ነኝ። ዓሣ አለ፤ ደግሞ የድንጋይ ዛፍ የሚመስል፣ ነገር ግን ሕይወት ያለው፣ ኮራል የሚሉት አለ። ባለቤቱ የማዳም ልጅ ነው፤ ለትምህርት ሌላ አገር ሲሄድ አደራ ብሎኝ ሄደ። ክረምት ላይ አዲስ ድንጋይ አምጥተው ሲጨምሩ አንዲት ቡናማ አበባ በቅላበት ነበር። ጣት ታህላለች፣ ፀጉሯ ይርገበገባል። አምራኝ ዝም አልኳት። አባባ፣ አበባ አይደለችም። እንስሳ ናት፤ እንደ ሳማ ትለበልባለች። አሁን ተራብታ ስልሳ ሆናለች። የነካችው ኮራል ሁሉ ይነጣና ይሞታል።

ማዳም እንዲህ አለችኝ፤ ያበቀልሽው አንቺ ነሽ፣ አንቺው ታጠፊያለሽ። ልጄ ለዒድ ይመጣል። እስከዚያ ንጹሕ ካደረግሽው በማግስቱ ፓስፖርትሽን ትወስጃለሽ፤ ካልሆነ ሌላ ሁለት ዓመት ትፈርሚያለሽ።

እርስዎ ዕድሜዎን ሙሉ አረም ሲያርሙ ኖረዋል። እባክዎ ምን ላድርግ? ለእናቴ መምጣቴ ነው ይበሉልኝ። መቼ እንደሆነ አይንገሯት።

ልጅዎ ኮከብ


ዘመሮ፣ ኅዳር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለባሕር ገበሬዋ ለኮከብ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን፣ ለዓሦችሽም። መንዝ ላይ ገብስ ማረም ሰልችቷት ሄደች ብዬ ሳማሽ ነበር፤ ለካስ ባሕር ልታርሚ ኖሯል የሄድሽው። ሰው ከዕጣው አያመልጥም።

ባሕር አይቼ አላውቅም። አረምን ግን እንደ ጎረቤቶቼ በየስሙና በየጠባዩ አውቀዋለሁ። ያንቺዋ ሙጃ ናት። ሙጃ መጀመሪያ ለምለም መስላ ታታልላለች፤ ስትተያት እርሻውን ትወርሳለች። መድኃኒቷ እጅ ነው። ስለት ያለው ነገር ያዢና ከሥሯ ገዝግዘሽ ንቀያት። ትልቋን ከትንሿ አትለዪ። አንድ ቀን ጎንበስ ብለሽ ብትውዪ ታልቃለች። ወገቤን ካልሽ የእናትሽን ወገብ አስቢ፤ አንቺን አዝላ አርማ የለ?

ጥሩሸዋ ረፋድ ላይ ግድግዳውን ተደግፋ ፀሐይ ትሞቃለች። ጎረቤታችን ምሥራቅ አጥሚት ታመጣላታለች። ሁለት ፉት ትልና፣ ለአባዬ ስጪው ትላለች። እኔም እጠጣዋለሁ፤ ወፍሬአለሁ። መምጣትሽን ነግሬያታለሁ። መቼ ብላ አልጠየቀችኝም። ብትጠይቀኝ ይሻለኝ ነበር።

እጅሽን ይባርከው።
አያትሽ ገሠሠ


ዱባይ፣ ታኅሣሥ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባባ ገሠሠ፤

እንደምን ሰነበቱ? እኔ አልሰነበትኩም።

እንዳሉኝ አደረግሁ። ማዳም ወጣ ስትል እስከ ብብቴ ውሃው ውስጥ ገብቼ፣ በቢላ እየገዘገዝኩ ስልሳውንም ቆረጥኳቸው። ክንዴ እስከ ትከሻዬ ተለበለበ። ድንጋዩ ጸዳ፤ ማዳምም አይታ ራሷን ነቀነቀች። ያን ቀን ሻንጣዬን አወጣሁ።

በሁለተኛው ሳምንት ከተቆረጠው ሥር ነጫጭ ነጠብጣቦች ብቅ አሉ። እያንዳንዷ ብጣሽ፣ የጥፍር ቁራጭ የምታህለው ሳትቀር፣ ራሷን ችላ አበባ ሆነች። መቁጠሩን ሦስት መቶ ላይ ተውኩት። ማዳም መስታወቱን በመጋረጃ ሸፈነችው። አልመታችኝም። ስልክሽን ግን እስክትሄጂ አታገኚውም አለች።

ዓሣ የሚሸጥ ያሲን የሚባል ሰው አለ፤ ምግብ ሊያደርስ ሲመጣ በእጅ ምልክትና በሰባራ ዓረብኛዬ ነገርኩት። እጁን ራሱ ላይ አደረገ። ይህ ነገር አይቆረጥም፤ በቆረጥሽው ቁጥር ይወልዳል አለኝ። የሚበላው ሽሪምፕ ነው፤ ቀይ መሥመር ያለበት፣ ጣት የማይሞላ ፍጥረት። ማዳምን ለምኜ፣ አልቅሼ፣ ስምንት ተገዙልኝ። ነገ ይመጣሉ። ያሲን ስለ አያያዛቸው ብዙ ነገረኝ፤ ግማሹ አልገባኝም።

የእናቴን ነገር በቀልድ አይሸፍኑብኝ። ትነሣለች ወይስ አትነሣም?

ኮከብ


ዘመሮ፣ ጥር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለኮከብ፤

የጌታ ልደት በሰላም አለፈሽ ወይ? እኛ ጋ መጣና ሄደ።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ሙጃ ስልሽ ሰርዶ ሆኖ ተገኘ። ሰርዶን የሚቆርጥ ዘሪው ነው፤ በየቁራጩ ይበቅላል። ይህን ሕፃን ያውቀዋል፤ እኔ ግን ያላየሁትን አረም በደብዳቤ አየሁ ብዬ ፈረድኩ። ክንድሽን ቅቤ ቀቢው፤ እዚያ ቅቤ ካለ።

ሽሪምፕ ምንድን ነው ብዬ ናሲርን ብጠይቀው፣ የባሕር ፌንጣ በለው አለኝ። ፌንጣ ገብስ ሲበላ እንጂ ሲያርም አይቼ አላውቅም። ቢሆንም መጥተውልሻል፤ ስምንት ሆነው ከመጡ ደቦ ናቸው። ደቦ አጠራር ደግሞ አውቃለሁ፤ በዚህስ አልሳሳትም።

ትዕዛዙ የሚባለውን ጎረቤታችንን ታስታውሺዋለሽ፤ ያን እጁ የማይዘረጋውን። ያኔ አንቺ ሳትወለጂ፣ ለአጨዳ ደቦ ጠራን። አሥራ አራት ሰው ማጭድ ይዘን ሄድን። ዳቦ የለ፣ ጠላ የለ። ስትጨርሱ ትበላላችሁ አለን። እኛም ማጭዳችንን ትከሻችን ላይ ሰቅለን፣ እርሻው ዳር ተቀምጠን ስንተርትበት ዋልን። በማግስቱ በረድ ወረደና ገብሱን መሬት ላይ ደበደበው። እስከ ዛሬ ሰላም የሚለኝ በግማሽ አፉ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ አብያቸው። ከሩቅ የመጡ ናቸው፤ ጧትም ማታም ሳትሰስቺ አብያቸው። ጉልበት ሲያገኙ ወደ ሥራቸው ይሰማራሉ።

የጠየቅሽኝን ልመልስ። አትነሣም። ከገና ወዲህ ፀሐዩን ትታዋለች። ምሥራቅና እኔ እናገላብጣታለን። ቀላለች፤ እኔ እንኳ ብቻዬን አነሣታለሁ።

ቶሎ ይስመርልሽ።
አያትሽ ገሠሠ


ዱባይ፣ የካቲት 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአባባ ገሠሠ፤

ሰላምታዬን ይቀበሉ። ብዙ መጻፍ አልችልም።

አበላኋቸው። ጧት የዓሣ ሥጋ ፈጭቼ፣ ማታም ጨምሬ፣ እንዳሉኝ እንደ እንግዳ ያዝኳቸው። ምግብ ሳመጣ እጄ ላይ ይወጣሉ። ወፈሩ። አንዷም እንቁላል ይዛለች። አበቦቹ መሐል እየተራመዱ ያልፋሉ፤ አንድም አልነኩም። ስድስት ሳምንት ሙሉ ዛሬ ይጀምራሉ፣ ነገ ይጀምራሉ እያልኩ መስታወቱ ላይ ተለጥፌ ከረምኩ። ትልቁ ኮራል ትናንት ሞተ። ማዳም የምፈርመውን ወረቀት አምጥታ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፋዋለች፤ ውሃ ለመጠጣት በከፈትኩ ቁጥር አየዋለሁ። ልጅዋ ሊመጣ ሃምሳ ቀን ቀርቶታል።

መሳቢያውን ልሰብር አስቤ መዶሻ ደብቄ ነበር። መለስኩት። ብያዝ እስር ቤት እንጂ መንዝ አይወስዱኝም።

አባባ፣ አይቀየሙኝ። የእርስዎ ምክር በመጣ ቁጥር እኔ ወደ ኋላ እሄዳለሁ። ከእንግዲህ ስለ ባሕሩ አይጻፉልኝ። የእናቴን መኖር ብቻ ይጻፉልኝ።

ኮከብ


ዘመሮ፣ የካቲት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ የሁዳዴ መያዣ

ለኮከብ፤

እናትሽ አለች። ያዘዝሽኝን አስቀድሜአለሁ።

ስለ ባሕሩ አይጻፉ ብለሻል፤ ትእዛዝሽን የማፈርሰው ቃሉ የእኔ ስላልሆነ ነው። ደብዳቤሽን አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ አነበብኩላት። መዶሻውን ዘለልኩ። ምክሬን የረገምሽበትንም ዘለልኩ። ዓይኗን ጨፍና ስትሰማ ቆየችና የዘለልኩትን እንዳነብላት አዘዘችኝ። እንዴት አወቀችብኝ? ልጅ ሆና መዝሙረ ዳዊት ስደግምም ስዘል ትይዘኝ ነበር። አነበብኩት። ደቦ ናቸው ብዬ እንዳስቀለብኩሽ ሳጫውታት ሆዷን ይዛ ሳቀች። ሁለት ሳምንት ድምፅዋ ሳይሰማ ከርሞ ነው የሳቀችው፤ ምሥራቅ ደንግጣ ሮጣ ገባች።

«አባዬ፣ ይኼኮ ደቦ አይደለም፤ ድመት ነው» አለችኝ። «እርስዎ የጎተራችንን ድመት ወተት አጠጥተው አይጥ ያዥ ብለዋት ያውቃሉ?»

አላውቅም። ማንም አያውቅም። ጎተራ ያለው ሰው ድመቷን የሚያሳድራት ጦሟን ነው። ደቦ የሚሠራው ለሰው ገብስ ነው፤ ድመት ግን የምትሠራው ለገዛ ሆዷ ነው። ሰባ ስምንት ዓመት ኖሬ ይህን የነገረችኝ ከአልጋ የማትነሣ ልጄ ናት።

ከዛሬ ጀምረሽ ምንም አትስጫቸው። እኛ ሁዳዴ ይዘናል፤ ናሲርም በሳምንቱ ረመዳንን ይይዛል። ፌንጦችሽም ይጹሙ።

ናሲር መኪናው ተነሣ እያለ በር ላይ ቆሟል። ጥሩሸዋ የጨመረችው አለ። «አልቸኩልም ይበሏት፤ እሷ ግን ትቸኩል» ብላለች።

ገሠሠ


ዱባይ፣ መጋቢት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባባ ገሠሠና ለእናቴ ለጥሩሸዋ፤

ሰላማችሁ ይብዛልኝ። ይህን ደብዳቤ ለሁለታችሁም ነው የምጽፈው፤ አባባ፣ ምንም ሳይዘሉ ያንብቡላት።

እናቴ፣ እንዳልሽው አስራብኳቸው። ዓሦቹን ቁንጥር እየሰጠሁ፣ በልተው እስኪጨርሱ ቆሜ፣ የወደቀውን ሁሉ በቱቦ እየመጠጥኩ አወጣሁ፤ ለፌንጦቹ ቅንጣት አልቀረላቸውም። የመጀመሪያዎቹን ቀናት እጄን እየተከተሉ ለመኑኝ። በአራተኛው ቀን ድንጋይ ሥር ተደበቁ፤ ሞቱ ብዬ ተንበረከክሁ። በስድስተኛው ቀን ማለዳ መጋረጃውን ስገልጥ አንዱ ድንጋይ ራሰ በራ ሆኗል። በነጋታው ሌላው። ትንንሾቹን ሁሉ ለቀሟቸው። አውራ ጣት የሚያህሉ ሦስት ብቻ ቀሩ፤ እነሱን ከነድንጋያቸው አውጥቼ ፀሐይ ላይ አደረቅኋቸው። ቢላ አልነካሁም።

ማዳም ትናንት መጋረጃውን ራሷ ገለጠች። ድንጋዮቹን አንድ በአንድ አየች። ገባችና ፓስፖርቴን አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ማቀዝቀዣው ላይ የነበረውንም ወረቀት ቀደደችው።

አርብ መጋቢት 19 እነሣለሁ። ቅዳሜ ደብረ ብርሃን ናሲር ይቀበለኛል፤ ሀይፋ ይህን ይዛ ቀድማኝ ትመጣለች። እናቴ፣ ድመቶችሽ አይጣቸውን ያዙ። ሲያነቡልሽ ብትስቂ ደስ ይለኛል።

አባባ፣ ባለፈው የጻፍኩትን ይቅር ይበሉኝ።

ኮከባችሁ


ደብረ ብርሃን መናኸሪያ፣ በናሲር እጅ የሚሰጥ
ዘመሮ፣ መጋቢት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለኮከብ፤

ይህን ከማንበብሽ በፊት ተቀመጪ። ናሲርን አጠገብሽ እንዲሆን ለምኜዋለሁ።

እናትሽ ማክሰኞ፣ የኪዳነ ምሕረት ዕለት ዐርፋለች። ጧት ውሃ ጠየቀችን፤ ምሥራቅ ውሃውን ይዛ ስትመለስ አልፋለች። ትናንት ቀበርናት። ደብዳቤሽ የደረሰኝ ከቀብር መልስ ነው። ናሲር በጾሙ ለቅሶ ሊደርስ መጥቶ፣ ደብዳቤው ኪሱ ውስጥ እንዳለ ከድንኳኑ ውጭ ቆሞ ቀረ። ዓይኑን አይቼ እኔ ወጥቼ ተቀበልኩት። ድመቶቹ አይጥ መያዛቸውን አልሰማችም። ያዘዝሽኝ ነውና፣ ሳልዘል ባዶው አልጋዋ አጠገብ አነበብኩት።

ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው መክረዋል፤ ቄስ ገብረ አማኑኤልም አሉበት። ስትመጪ እናትሽ ጠበል ሄዳለች ትባያለሽ። እህል ቀምሰሽ አንድ ሌሊት ታርፊያለሽ፤ ጎህ ሲቀድ መርዶሽን ይነግሩሻል። ደንባችን ነው። እኔም ስንቱን እንዲሁ አርድቻለሁ፤ ደግ ደንብ ነው ብዬም አምን ነበር።

ላንቺ ግን እንቢ አለኝ። ሁለት ጊዜ መክሬሽ፣ ሁለቱም ከእሷ አስቀርተውሻል። ሙጃ ነው ብዬ አስቆረጥኩሽ፤ ደቦ ነው ብዬ አስቀለብኩሽ። በቅን ልብ ነው ያደረግሁት፤ ቅን ልብ ግን ያለፈውን ቀን አይመልስም። አሁን ደግሞ ጠበል ናት ብዬ ላስቅሽ? ከዚያ እስከ ዘመሮ ድረስ መኪናው ዘገየ እያልሽ፣ ልታቅፊያት እየተቁነጠነጥሽ እንድትመጪ? ከወረድሽ በኋላስ በሰው ትከሻ ላይ እየተንጠራራሽ በዓይንሽ ስትፈልጊያት ቆሜ ልይ? ሽማግሌዎቹ ደንብ አፈረሰ ብለው ይቀየሙኝ። የግማሽ አፍ ሰላምታ ለምጃለሁ።

ከዚያ ቤት ያወጣሽ የእሷ ቃል ነው። እኔ አይደለሁም፤ ሌላም ሰው አይደለም። ይህን ማንም እንዳይወስድባት።

እዚያው አልቅሺ። የፈለግሽውን ያህል ቆዪ፤ መኪናው ቢሄድም ናሲር አይሄድም። ዘመሮ ስትደርሺ ሰዎቹ እንደማታውቂ አድርገው ይቀበሉሻል። አውቄአለሁ በያቸው፣ ወይም ዝም በያቸው አልልሽም፤ ምክር ከእኔ አልቋል። መኪናው የሚቆምበት ቦታ ከጧት ጀምሮ እኖራለሁ። በደንባችን ጉልበቴን ልትስሚ ጎንበስ እንዳትዪ። የምጎነበሰው እኔ ነኝ።

አያትሽ ገሠሠ